የወጌሻዋ ቤት

የወንድሜን ሚስት አልወዳትም ነበር። ከዚሁ ልጀምር። ሰው የመጨረሻውን ዘመናችንን ብቻ እያነሳ «እናንተማ እንደ እናትና ልጅ ነበራችሁ» ይለኛል። እንደ እናትና ልጅ አልነበርንም። ሰባት ዓመት በአንድ ጣራ ሥር ስንኖር ደግ ቃል ከአፌ የወጣላት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ታማ ነበር፣ እኔም ቶሎ ተነስታ ውሃ እንድትቀዳ ፈልጌ ነው።

ወጌሻ ነበረች። የተሰበረ አጥንት ትገጥማለች፣ የወለቀ ትከሻ ትመልሳለች፣ ወለም ያለ ቁርጭምጭሚት አሽታ ታስተካክላለች። ሙያው የአባቷ ነው። ሽማግሌው ወንድ ልጅ አልወጣላቸውም፤ ስለዚህ ያችን አንዲት ልጃቸውን ከሕፃንነቷ ጀምሮ አጠገባቸው አስቀምጠው አስተማሯት። አሮጌ ማሰሮ ከረጢት ውስጥ ከተው ከውጭ በዱላ ያደቁትና «እጅሽን አስገብተሽ ግጠሚው» ይሏት ነበር። ሳታይ፣ በጣቷ ብቻ። አሥር ዓመት ሲሞላት ማሰሮውን ከነእጀታው ትገጥመው ነበር አሉ። እንግዲህ ዓይኗ ጣቷ ላይ ነው ማለት ነው።

ወንድሜ ደግሞ ድንጋይ ፈላጭ ነበር። ናዳ ክንዱን ሰብሮት ሽማግሌው ቤት አርባ ቀን ተኛ፤ ሲነሳ ክንዱም ድኗል፣ ልጅቷም ታጭታለች። ሽማግሌው ሲሞቱ ከረጢታቸው ለአማቹ ተሰጠ፤ ቅባቱ፣ ጠፍጣፋ እንጨቶቹ፣ የጨርቅ ጥቅሎቹ ሁሉ። ለማን ሊሰጥ ኖሯል? ሴት ወጌሻ ማን ሰምቶ ያውቃል? ወንድሜ በሕይወቱ የገጠመው ነገር ቢኖር ድንጋይን ከድንጋይ ነው። ያ ግን ማንንም አላሳሰበም።

ታዲያ መላ ተመታ። ቤቷ አንዲት ክፍል ናት፤ መሃሏ ላይ ወፍራም መጋረጃ ተሰቀለ። ወንድ በሽተኛ ሲመጣ ከመጋረጃው ወዲህ አግዳሚው ላይ ይጋደማል፣ የተጎዳውን እግሩን ወይ እጁን በመጋረጃው ሥር ወደዚያ ማዶ ያሳልፋል። ወንድሜ ራስጌው ተቀምጦ ትከሻውን ይዞ ስለ ባቡሩ ሐዲድ ሥራ፣ ስለ ዝናቡ ያወራዋል። ከማዶ ያሉት ሁለት እጆች ሥራቸውን ይሠራሉ። ሰውዬው ይጮሃል፣ ይታሰርለታል፣ ላቡን ጠርጎ «ወጌሻው፣ እጅህ ቀላል ነው» ይላል። የወንድሜ እጅ እንኳን ሰው ድንጋይ የሚያቆስል ነበር። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም አያውቅም። ከከተማው ወንድ አንድም «ሴት ነካችኝ» ማለት ሳይኖርበት ሁሉም በእግሩ ቆሞ ይሄዳል። እሷን ከኋላዋ «መጋረጃዋ» ይሏት ነበር።

ሴቶችና ልጆች ሲሆኑ መጋረጃው ይገለጣል። ሴትን ሴት ብትነካት ምን ነውር አለው። እዚያ ላይ ነው አሠራሯን ያየሁት። የሴትዮዋን ክንድ በሁለት እጇ ይዛ ቀስ እያለች እያሸች «ስምሽ ማን ነው?» ትላታለች።

«የአናጢው ሚስት ነኝ።»

«እሱንማ መች ጠየቅኩሽ። ያንቺን።»

ሴትዮዋ ዓይኗን ታንከራትታለች። አንዳንዷ ስሟ ከተጠራ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ ከመዳሯ በፊት ነበር ያላት፤ የትኛው ጓዳ እንደጣለችው ስትፈልገው ፊቷ ባዶ ይሆናል። ያኔ ትጎትትላታለች። ቀጭ! አጥንቱ ገባ። «ሰው ሲያስብ ጡንቻው ይላላል» ብላ አስረድታኛለች አንድ ቀን። ወንዶቹን በዚህ ዘዴ ማከም አይቻልም፤ ስማቸውን ስትጠይቃቸው ሳያስቡ ነው የሚናገሩት።

የሚመጡት ሴቶች ሁሉ ከደረጃ ወድቀው ነው። በከተማችን ደረጃ ያለው ቤት ከሦስት አይበልጥም ነበር፤ ከደረጃ የወደቀችው ሴት ግን በሳምንት አምስት ናት። ጎድኗ የተሰበረ፣ ጣቷ ወደ ኋላ የታጠፈ፣ አንዷማ ጆሮዋ በጥርስ የተቆረጠ። ደረጃው ጥርስ አውጥቷል። ወንድሜም ሚስቱን ይመታት ነበር። ጀርባዋን፣ ጭኗን፣ አንዳንዴ ፊቷን። እጇን ግን አይነካም፤ መተዳደሪያችን ነውና። እኔም እህት አይደለሁ፣ «ቢያንስ እጇን አይነካም» እያልኩ ለጎረቤት እከራከርለት ነበር። ይህን ማለቴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

እኔ የሱ ታላቅ ነኝ። እናታችን ስትሞት እሱ አራት ዓመቱ፣ እኔ አሥራ ሦስት። አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ነው። ከዚያ ተዳርኩ። ባሌ በሕይወት ሳለ የጫማ ሰፊው ሚስት ነበርኩ፤ ሲሞት የጫማ ሰፊው ባልቴት ሆንኩ፤ ፍራሼን ተሸክሜ ወንድሜ ቤት ስገባ እሱም ቀረና «እህቱ» ተባልኩ። ከመዳሬ በፊት ሁለት ዓመት ፊደል ቆጥሬ ነበር፣ ማንበብ እችላለሁ፤ በዚያ ቤት ከእኔ በቀር የሚያነብ የለም። የወንድሜ ሚስት «እትዬ» ትለኛለች፣ በአንቱታ። ይቀመጡ፣ ይብሉ፣ ውሃ ላምጣልዎት። ሰባት ዓመት አንድም ቀን «አንቺ» ብላኝ አታውቅም። እኔም አክብሮቱን ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

ነገሩ የተበላሸው ታፔላ ጸሐፊው ከመሰላል የወደቀ ዕለት ነው። የሱቆችን ስም በቀለም የሚጽፍ ቀጭን፣ ሳቂታ ሰው ነበር። ትከሻው ወልቆ ክንዱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ መጣ። ትከሻ ደግሞ በመጋረጃ ሥር አይሾልክም፤ ሰውዬው እስከ አንገቱ ወደ ማዶ ገብቶ ጭንቅላቱ ብቻ ከወዲህ ቀረ። ወንድሜ ከጭንቅላቱ ጋር ሲያወራ ማዶ ላይ ያለችው ስትጎትት፣ የመጋረጃው ዘንግ ከነሚስማሩ ተነቅሎ ሁላችንም ላይ ወደቀ። ጨርቁ ሲነሳ ታየች፤ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ ተረከዟን ብብቱ ሥር ተክላ፣ አንጓውን በሁለት እጇ ይዛ። ትከሻው ገብቶ ነበር። ሰውዬው ወደ ወንድሜ አላየም። እሷን አይቶ «እግዜር ይስጥልኝ» አላት።

ወንድሜ ሳቀ፤ ምን ያድርግ። ታፔላ ጸሐፊውም ውለታ ለመመለስ «ለበራችሁ አንድ ታፔላ እሠራላችኋለሁ» አለ። ወንድሜ ደስ ብሎት «የወጌሻው ቤት በልልኝ» ብሎ አዘዘ። በሳምንቱ ታፔላው መጣ፤ ከወፍራም ጣውላ የተሠራ፣ መደቡ ነጭ፣ ጽሑፉ ቀይ። ወንድሜ ራሱ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ሚስማር በጥርሱ ይዞ ሰቀለው። ወርዶም ወገቡን ይዞ አየው። እኔም አየሁት።

«የወጌሻዋ ቤት» ይላል።

አንዲት ፊደል ናት። «ው» ብላ መቆም ሲገባት እግር አብቅላ «ዋ» ሆናለች። ታፔላ ጸሐፊው ኋላ ሲጠየቅ «ትከሻዬ ገና አልጠናም ነበር፤ ብሩሼ ወደ ታች አመለጠኝ» ብሎ ምሎ ተገዝቷል። አመለጠው ወይስ አስመለጠው እሱ ያውቃል። እኔ አፌን ዘጋሁ። ለምን ቢሉ፣ ወንድሜ በደስታ ፈክቶ ነበር፤ ደግሞም ነገር ፈራሁ። በማግሥቱ እሷ ውሃ ስትቀዳልኝ ቀስ ብላ «እትዬ፣ ታፔላው ምንድን ነው የሚለው?» አለችኝ።

«ምን ይላል ብለሽ ነው? ወጌሻው ይላላ!» አልኳት።

ዘጠኝ ቀን እንዲህ ሆነ። አስተማሪው በበራችን ሲያልፍ አንብቦ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ከፊት ለፊታችን ያለው ልብስ ሰፊ ማሽኑን አቁሞ ለደንበኞቹ በጣቱ ያሳያል። የሴት በሽተኛ በዛ። አንዲት ሴት ክንዷን በሻሽ አንጠልጥላ ከሩቅ መንደር በእግሯ መጣችና በሩ ላይ ቆማ «ወጌሻዋ የምትባለው አንቺ ነሽ?» አለቻት።

የወንድሜ ሚስት በእጇ የያዘችውን ቅባት አስቀመጠች። «እንዴት አልሽኝ?»

«ወጌሻዋ።»

«እስቲ ድገሚልኝ።»

ሴትዮዋ ደገመችላት። ፊቷን ያየሁት እኔ ነኝ። ያን ፊት በሠርጓም ቀን አላየሁባትም። እውነቱን ልናገር? ሆዴ ተቃጠለ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቅጥያ ሆኜ ስኖር፣ ይቺ ከመጋረጃ ኋላ የምትኖር ሴት በቀይ ቀለም በር ላይ ተጽፋለች። ምቀኝነት ነው፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት የጋሪ ነጂው ሚስት መንጋጋዋ ተሰብሮ መጣች። ባሏ በጋሪው ማነቆ እንጨት ነው የመታት፤ አፏ ስለማይከፈት ደረጃ ነው ብላ መዋሸት እንኳ አልቻለችም። የወንድሜ ሚስት መንጋጋዋን ገጠመች፣ ከአገጭ እስከ አናቷ አሰረችላትና «ዛሬ ወደዚያ ቤት አትመለሽም» አለቻት። ከዚያ አንስታ የት አስተኛቻት መሰላችሁ? የእኔ ፍራሽ ላይ! ሳትጠይቀኝ። በዓለም ላይ የእኔ የምለው ነገር ያ ፍራሽ ብቻ ነበር።

ምሳ ላይ ከወንድሜ ጋር ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጠናል። እሷ ማዶ ሆና ለታሰረችው ሴት ሾርባ በጥርሷ መሃል ታንጠባጥብላታለች። ወንድሜ አፉን ሞልቶ «አየሽ እትዬ፣ ታፔላውን ከሰቀልኩ ወዲህ ሰው እንዴት እንደጎረፈ! ስሜ ሲነበብ ጊዜ ነው» አለ።

ምላሴን ቆርጬ ብጥለው ይሻል ነበር። «ስምህ አይደለም የሚነበበው» አልኩት። «ወጌሻዋ ነው የሚለው። የሷን ነው የሰቀልከው።»

ማላመጡን አቆመ። ሳቅ ብሎ አየኝ፤ እኔ አልሳቅኩም። ተነስቶ ወጣና መሰላል ሳይፈልግ ዘሎ ታፔላውን ከነሚስማሩ ገነጠለው። መንገድ ላይ ያገኘውን አስተማሪ ይዞ «ምን ይላል?» አለው። አስተማሪው ፈርቶ «ያው... ወጌሻው ነው እንጂ ምን ይላል» ብሎ ተንተባተበ። ልብስ ሰፊው ግን ከማሽኑ ላይ ሆኖ «ዛሬ ገና ነው የሰማኸው ሰውዬ? አሥር ቀን ሙሉ ሚስት ሆነህ ከረምክ እኮ!» ብሎ ጮኸ። መንገዱ በሙሉ ሳቀ። ወንድሜ መሃላቸው ቆሞ ታፔላውን ይዞ ፊደሎቹን አየ፤ ከመካከላቸው የትኛዋ እንዳዋረደችው እንኳ አያውቅም።

ሲገባ ዓይኑ ደም ለብሶ ነበር። ታፔላውን እግሬ ሥር ወረወረው፣ ከአልጋው ሥር መዶሻውን አወጣ። ከድንጋይ ፈላጭነት ዘመኑ የቀረው ንብረት እሱ ነው። መጋረጃውን በአንድ እጁ ነጥቆ ጣለው። የሾርባው ሳህን ተንከባለለ። ፀጉሯን ይዞ እየጎተተ ወደ በርጩማው አመጣት፣ ቀኝ እጇን በርጩማው ላይ አጋድሞ አንጓውን በጉልበቱ ተጫነው። እሷ አልጮኸችም፤ «እጄን ተው፣ እጄን ተው፣ ሌላ ቦታ ምታኝ» ነበር የምትለው። የጋሪ ነጂው ሚስት ተንፏቃ እግሩን አቀፈችው። ደረቷ ላይ ረገጣት።

የመጀመሪያውን ምት ቆሜ አየሁ። እጄም እግሬም ነበረኝ፤ አልያዘኝም ማንም። ቆሜ አየሁ።

ድምፁ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ዓይነት ነው። ከዚያ በኋላ ነው የጮኸችው። እሱ አፉ አረፋ ደፍቆ «በይ እስቲ ግጠሚ! ወጌሻዋ አይደለሽም እንዴ? ግጠሚዋ!» እያለ ሁለተኛ አነሳና አሳረፈባት። መስኮቱ ላይ ሰው ተደራርቦ ያያል፣ አንዱ «ኧረ ተው» ይላል፣ ሌላው «ምን አገባህ፣ ባልና ሚስት ናቸው» ይለዋል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የሚገባ ጠፋ። መዶሻው ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ላይ ሲሄድ ከእግሬ ሥር ያለውን ታፔላ በሁለት እጄ አንስቼ በሙሉ ኃይሌ ጭንቅላቱ ላይ አወረድኩት።

በአፍ ጢሙ ተደፋ። ተገልብጦ ሲያየኝ ደሙ ወደ ዓይኑ ይወርድ ነበር። «እትዬ!» አለኝ፤ ያኔ በአራት ዓመቱ አዝዬው ስሄድ እሾህ ሲወጋው እንደሚለው አድርጎ። ጣውላውን እንደገና አነሳሁ። ግድግዳውን እየተደገፈ ወጥቶ ሄደ፣ ሰዉም መንገድ ለቀቀለት።

እሷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ እጇን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ታየዋለች። ከንፈሯ ኖራ መስሏል። «ሌባ ጣቴ ሁለት ቦታ» አለች። «የመሃሏ አንድ ቦታ። ሦስተኛዋ ወልቃ ነው እንጂ አልተሰበረችም። እትዬ፣ ከረጢቱን ያምጡልኝ።»

«ማን ይገጥመዋል?» አልኩ እንደ ጅል።

«እርስዎ ነዎታ! ሌላ ማን አለ? አሁን ካልተጎተተ ያብጣል፤ ካበጠ አለቀልኝ። አንጓዬን በግራ እጅዎ ይያዙ። ጫፉን በቀኝ። ይጎትቱ። ከዚያ በላይ ነው፣ ይጎትቱ... ጎትቺ! ጎትቺ እንጂ አንቺ!»

በሰባት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ደነገጥኩና ጎተትኩ። ሦስተኛዋ ገባች፣ የመሃሏም ቀጭ አለች። ሌባ ጣቷ ላይ ስደርስ ከጉሮሮዋ የወጣው ጩኸት የሰው አይመስልም ነበር። እጄ ላላ። እሷ ራሷን ስታ ወደ ጎን ወደቀች፣ እኔም እንደነበረ በእንጨት አስደግፌ በጨርቅ አሰርኩት። ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ቀጭ ብሏል?» ነው።

«ብሏል» አልኳት።

ወንድሜ ወደ ድንጋይ ማውጫው ተመልሶ እዚያው ከሠራተኞቹ ጋር ማደር ጀመረ። ፖሊስ ጠርቶት በዚያው ከሰዓት ለቀቀው። በሳምንቱ አጎታችን ለሽምግልና መጣ፤ አክብረን አስቀመጥነው። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ወድቄ ነው ብላ እንድታስጽፍና ቤቱ እንዳይፈርስ ለመናት።

«ከምን ወደቅኩ ልበል?» አለችው።

«ከደረጃ ነዋ ልጄ፣ እንደ ሰው።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ደረጃውን ያሠሩልኝ።»

አጎቴ ኮፍያውን አንስቶ ሲወጣ የጋሪ ነጂው ሚስት በታሰረ አፏ በአፍንጫዋ ሳቀች። እሷም እንደኔው እኛ ዘንድ ቀርታ ነበር። በእነዚያ ሳምንታት የሚመጡትን ሴቶች የወንድሜ ሚስት በግራ እጇ እየዳሰሰች፣ እኔ እየጎተትኩ አሰርን። «እዚህ ጋ፣ አውራ ጣትሽን ከሥር፣ አትፍሪ» ትለኛለች። አንቱታው ከዚያ ቀን ወዲህ አልተመለሰም፣ እኔም አልፈለግኩትም። ታፔላውን ደሙን አጥቤ ራሴ ሰቀልኩትና «የወጌሻዋ ቤት ነው የሚለው፤ ያኔ ዋሽቼሻለሁ» አልኳት።

«ዐውቄያለሁ» አለች። «ያቺ ሴት ከዚያ ሁሉ ሩቅ አገር የመጣችው በሕልሟ አይታኝ ነው እንዴ?»

ለወንድሜ የነገርኩትም እኔ መሆኔን ነገርኳት። ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ በሦስተኛው ቀን ውሃ አምጪልኝ አለችኝ፣ አመጣሁላት።

ከዚያ በኋላ ስለነበረው ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሁሉ ያውቃል። ወንዱም ሴቱም ያለ መጋረጃ ፊቷ ተቀምጦ፣ ባቡሩ የጨፈለቀው ሠራተኛ ሳይቀር በዚያች ቀኝ እጇ ታክሟል። ወንድሜ ሚስት አለኝ ሳይል እዚያው ድንጋይ ሲፈልጥ ሞተ። ሰው የማያውቀው ጨርቁ የተፈታበትን ጠዋት ነው።

በአርባ አምስተኛው ቀን ነበር። እንጨቶቹን አንሥታ ጣቶቿን ብርሃን ላይ ዘረጋች። ሁለቱ ታጠፉ። ሌባ ጣቷ ግን እንደ ሚስማር ቀጥ ብላ ቀረች፤ ሥሯ ላይ አጥንቱ ተንሸራቶ ጎልቶ ይታያል። በግራ አውራ ጣቷ እብጠቱን ዳሰሰች። የወጌሻ ዓይን ጣቷ ላይ ነው ብያለሁ። ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም።

«ቀጭ አላለም» አለች።

«አላለም።»

«ለቀቅሽው።»

«ጮኽሽብኝ። አንጀቴን በላሽው፣ ምን ላድርግ?»

ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣም አልነበረባት፤ እሱ ነው የገደለኝ። «ሰባት ዓመት ሙሉ ሲደበድበኝ አንጀትሽ የት ሄዶ ነበር? ለዚያች ቀን ነው የተገኘው?»

ተነስታ ከአልጋው ሥር መዶሻውን አወጣችና ጨርቅ ጠቀለለችበት፣ በርጩማውን ወደ መስኮቱ አስጠጋች። በጥፍሯ ጣቷ ላይ ጭረት አደረገች።

«እዚህ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ። እንደገና ተሰብሮ ካልተጎተተ ይህ እጅ ማንኪያ ከመያዝ አያልፍም።»

«አልችልም። ሌላ ሰው ፈልጊ። ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ሐኪሙ ይቆርጠዋል። የሚሰብርልኝ ሰው ከፈለግኩማ ወንድምሽን ጥሪልኝ፤ እሱ ሲመታ አያዝንም።»

መዶሻውን ከእጇ ወሰድኩ። ከእሱ የከበደ ነገር በሕይወቴ ይዤ አላውቅም። የጋሪ ነጂው ሚስት ከኋላዋ ሆና ክርኗን ያዘችላት። ጨርቅ ልትነክስ ሰጠናት፣ እምቢ አለች። «ልጩህበት፤ አንቺ ግን አትስሚኝ። ምንም ብልሽ አትስሚኝ።»

ጭረቱን አየሁ። መታሁት። ተሰበረ።

መዶሻውን ጥዬ አንጓዋን በግራ፣ ጫፉን በቀኝ ያዝኩና ጎተትኩ። ጮኸች፣ መንገዱ ሁሉ ሰማ፤ ያ ልብስ ሰፊ ማሽኑን አቁሞ መስኮቱ ላይ መጣ፣ ሌሎችም መጡ። ሰደበችኝ። ወንድሜን፣ እናቴን፣ የተወለድኩበትን ቀን ረገመች። በእግሯ ጉልበቴን ረገጠችው። በመጨረሻ ድምፅዋ ተሰበረና እንደ ድሮው በአንቱታ ትለምነኝ ጀመር፤ «እትዬ፣ በእናትዎ፣ ይልቀቁኝ፣ እትዬ፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ፣ ይልቀቁኝ» አለችኝ። እንባዬ እጇ ላይ ይንጠባጠባል፣ ጣቷ በላብ ከእጄ ሊያመልጥ ይሻል፣ አጥብቄ ያዝኩት።

ቀጭ እስኪል አልለቀቅኳትም።